የአንዲት ኤምጂቢ ሞተሪኖና ቮላኖ፦ ከማሳ ሽቦ እስከ ጥርስ ቀለበት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች፣ የጨርቅ ጣሪያ ያላት ባለ ሁለት መቀመጫ ኤምጂቢ ናት። ይህ ሞዴል ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አቢንግደን ከተማ ሲመረት ኖሯል። የዚህችኛዋ ሞተር 1,798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ነው፤ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው፣ ክራንክ ሻፍቱ በአምስት ዋና ብሮንዚናዎች ላይ የሚዞረው ዓይነት። የማስነሻው ሞተሪኖ የሉካስ ኤም418ጂ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ፣ ፖዘቲቭ ነው። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረው 12 ቮልት ይሰጣሉ። ባትሪው ከኋላ፣ ሞተሪኖው ከፊት መሆኑን ከወዲሁ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ በኋላ ይመጣልና።

ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ የምትሰጠው መልስ አንድ አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም ችግር ትነሳለች። አንዳንድ ጊዜ ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብረት ብረትን ሲፈጭ የሚሰማው፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ይወጣና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ባለቤቱ ከዚህ ቀደም ሞተሪኖውን አውጥተው በታደሰ ሌላ አስቀይረው ነበር። ለጥቂት ወራት ደህና ሆኖ ቆይቶ ያው ችግር ተመለሰ። ወደ እኔ ሲመጡ ሐሳባቸው አሁንም ሌላ ሞተሪኖ ማስገባት ነበር።

ጉዳዩን አቅጣጫ ያስያዘው ግን እግረ መንገዳቸውን የተናገሩት ነገር ነው፦ «አልነሳ ስትለኝ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ትንሽ ገፋ ካደረግኋት በኋላ ቁልፉን ሳዞር ትነሳለች።» ማርሽ ገብቶ መኪና ሲገፋ ሞተሩ ጥቂት ይዞራል፤ ሞተሩ ሲዞር ቮላኖው፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ ላይ የታሰረው ዙሪያውን ጥርስ ያለው ከባድ የብረት ክብ፣ አብሮ ይዞራል፤ በሞተሪኖው ፊት የነበሩት ጥርሶች ሄደው ሌሎች ይመጣሉ። መድኃኒቱ ይህ ከሆነ በሽታው ቢያንስ በከፊል ያለው ቮላኖው ላይ ነው። ሞተሪኖ ብቻ መቀየር ለምን እንዳልበጀ ከዚህ ይታያል።

የአሠራሩ ጠባይ

ስለዚህ ዓይነት ሞተሪኖ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ አለብኝ፤ የዛሬዎቹን ብቻ የሚያውቅ መካኒክ በቀላሉ ይሳሳትበታል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራው ማብሪያ) በመጀመሪያ ፒኞኑን (በሞተሪኖው ዘንግ ላይ ያለውን ትንሽ የጥርስ ጎማ) ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያጋጥመዋል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ኃይል ይለቃል። በዚህችኛዋ መኪና ላይ ሶሌኖይዱ ከሞተሪኖው ተነጥሎ የተቀመጠ ማብሪያ ብቻ ነው፤ ምንም ነገር አይገፋም። ፒኞኑን ወደ ቮላኖው የሚወስደው የራሱ ክብደት ነው። ፒኞኑ ጠመዝማዛ ጥርስ በተቆረጠበት እጅጌ ላይ ተቀምጧል። የሞተሪኖው ዘንግ በድንገት ሲሽከረከር ፒኞኑ ከክብደቱ የተነሳ እኩል ሊፈጥን አይችልም፤ ስለዚህ በጠመዝማዛው ላይ ተንሸራቶ ከቮላኖው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ ቮላኖው ፒኞኑን ከዘንጉ በላይ ያፈጥነውና በዚያው ጠመዝማዛ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ትልቁ ስፕሪንግ የመጋጠሙን ድንጋጤ ይውጣል፤ ትንሹ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፒኞኑ ተንፏቅቆ ቮላኖውን እንዳይነካ ይይዘዋል።

ቀላልና ብልህ አሠራር ነው፤ እኔ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በድንገተኛነት ላይ የቆመ ነው። ሞተሪኖው ፈጥኖ ካልተነሳ ፒኞኑ በሙሉ ጥልቀት አይወረወርም። ጫፉ ከጥርሱ ጫፍ ጋር ብቻ ይያያዝና ጭነቱ ሲመጣ ተንሸራቶ ይፈጫል። ስለዚህ በሌላ መኪና ላይ ሞተሩን ቀስ ብሎ እንዲዞር ብቻ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ድክመት፣ እዚህ ላይ ብረት ይበላል። የዚህች መኪና ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የተረዳሁት ግን ከመለካት በኋላ ነው።

ቮልቱ የት ጠፋ?

ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ያደረግሁት የቮልት ልኬት ነው። ባትሪዎቹ ያለ ጭነት 12.6 ቮልት ነበሩ፤ ሙሉ ናቸው። ሞተሪኖው ሞተሩን ይዞ ሲያዞር በባትሪዎቹ ጫፎች ላይ 10.4 ቮልት ተነበበ፤ ይህም ጥሩ ነው። በዚያው ሰዓት በሞተሪኖው ተርሚናልና በራሱ በሞተሪኖው አካል መካከል የቀረው ግን 8.3 ቮልት ብቻ ነበር። 2.1 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ለማግኘት የቮልት መለኪያውን ሁለት ጫፎች በየመንገዱ ክፍል ላይ እያስቀመጡ ማስነሻውን መሞከር ነው። ከባትሪው ተነስቶ በሶሌኖይዱ በኩል እስከ ሞተሪኖው በሚሄደው ረጅም ሽቦ ላይ 0.4 ቮልት ብቻ ጠፋ። ለዚያ ርዝመት አያስከፋም። የቀረው 1.7 ቮልት በማሳው በኩል ነበር፤ ከዚህም 1.3ቱ የሞተሩን አካል ከመኪናዋ አካል ጋር በምታገናኘው ጠፍጣፋ የተጠለፈች የመዳብ ማሰሪያ ላይ። የሞተሩ መቀመጫዎች ጎማ ስለሆኑ ከሞተሪኖው የሚመለሰው ጅረት ተገቢ መንገዱ ይህች ማሰሪያ ናት። ዘይት ጠጥታ፣ አረንጓዴ ዝገት ይዛ፣ ግማሹ ሽቦዋ ተበጥሶ ነበር።

በኦም መለኪያ ብንፈትሻት ግን ደህና ናት ትለን ነበር። ጅረቱን 200 አምፔር ብናደርገው 1.3 ቮልት የሚያጠፋው እንቅፋት 0.0065 ኦም ብቻ ነው። ተራ መለኪያ ይህንን ከዜሮ ለይቶ አያሳይም። በእንዲህ ያለ ከባድ ጅረት መንገድ ላይ እንቅፋትን ሳይሆን፣ ጭነት ባለበት የሚጠፋውን ቮልት መለካት ያስፈለገው ለዚህ ነው። በዚያው ስሌት ማሰሪያዋ ላይ የሚጠፋው ኃይል 260 ዋት ይሆናል፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ በእጅ ስነካት ትኩስ ነበረች። ሌላም ምልክት አይቻለሁ። የቾክ ገመዱ የላስቲክ ልባስ አንድ ቦታ ላይ ቀልጦ ተጨማዷል። ማሳው ሲደክም ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በቀጭን የቁጥጥር ገመዶች በኩል ሲያልፍ ያግላቸዋል። እንዲህ ያለ ገመድ ያየ ሰው መጀመሪያ ማሳውን ይመርምር።

ማሰሪያዋን በአዲስ ቀየርኩ፤ የምትታሰርባቸውን ቦታዎች እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈገፈግሁ፤ ባትሪውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘውንም እንዲሁ አጸዳሁ። ሞተሪኖው ወዲያው ጉልበት አገኘ፤ ብቻውን እየዞረ መጮኹም ቀነሰ። መፋጨቱ ግን አልጠፋም፤ ሞተሩ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ሲቆም እንደ ቀድሞው ይመጣ ነበር። የደከመው ማሳ ምክንያት ሆኖ ያስከተለው ጉዳት አሁን በራሱ የቆመ ችግር ሆኗል።

በቀዳዳው ውስጥ የታየው

ሞተሪኖው ወጥቶ በቦታው መብራት ሲገባ የቮላኖው ጥርሶች ይታያሉ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፤ በፊት ለፊቱ ፑሌ ዳዶ ላይ መፍቻ ይዤ ሞተሩን ቀስ እያልሁ ሙሉ ዙር አዞርኩት፤ የተበላ ጥርስ በቀዳዳው በኩል ሲያልፍ ፑሌው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ምልክቶቹ በሁለት ቦታ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ከሌላው ልክ በግማሽ ዙር ትይዩ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ጥርሶቹ ፒኞኑ በሚገባበት በኩል ከስፋታቸው ሲሶ ያህሉ ተበልቷል። በቀረው ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በአራት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር ላይ በየግማሽ ዙሩ አንዱ ሲሊንደር አየር ያምቃል። ሞተሩ ሲጠፋ የመጨረሻውን እመቃ ማለፍ አቅቶት ይቆማል ወይም ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ የሚቆመው በእነዚያው ሁለት ቦታዎች አካባቢ ነው፤ ፒኞኑም የሚመታው እዚያው ያሉትን ጥርሶች ነው። ስድስት ሲሊንደር ቢሆን ኖሮ ሦስት ቦታዎች በኖሩ ነበር።

አንድ አማራጭ ጥርሶቹ ያሉበትን የቮላኖውን ቀለበት በሩብ ዙር አዙሮ መልሶ መግጠም ነው፤ የተበሉት ጥርሶች ሞተሩ ወደማይቆምበት ቦታ ይሄዳሉ። ባለቤቱም ይህንን ሰምተው ጠይቀውኛል። አልተቀበልኩትም። ቀለበቱ ሳይጎዳ እንዲወጣ ብዙ መጋል አለበት፤ እንዲያ ሲግል የጥርሱ ጥንካሬ ሊላላ ይችላል። ከሁሉም በላይ በዚህች መኪና ላይ ቮላኖው ጋ ለመድረስ ሞተሩ መውጣት አለበት፤ ካምቢዮው ብቻውን ወደ ታች አይወርድም። ያን ያህል ሥራ ተሠርቶ አሮጌ ቀለበት መመለስ ተገቢ አይመስለኝም።

ሞተሪኖው

ሞተሩን ከማውጣቴ በፊት ሞተሪኖውን ሞርሳ ላይ አስሬ ፈታሁት። ቤንዲክሱ፣ ማለትም ፒኞኑ ከጠመዝማዛውና ከስፕሪንጎቹ ጋር ያለበት ክፍል፣ በግራሶ ተለውሶ ነበር። ከዚህ በፊት የነካው ሰው በጎ አስቦ ያደረገው ይሆናል፤ ነገር ግን ፒኞኑ የሚንሸራተትበት ጠመዝማዛ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። ከፍሪሲዮኑ የሚወጣው አቧራ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ፒኞኑም አንዴ ይሄዳል አንዴ ይቀራል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ደርቆ ቢገጠም ይበቃው ነበር። አሁን ግን የፒኞኑ ጥርሶች ጫፋቸው ስለደነዘና አዲስ ቀለበት ከተበላ ፒኞን ጋር ማጋጠም አዲሱን መልሶ ማበላሸት ስለሆነ፣ ቤንዲክሱን በሙሉ ቀየርኩት።

ውስጡ ሌላ ነገር ይዞ ጠበቀኝ። የሚሽከረከረው አርማቸር ላይ በአንድ በኩል የሚያበራ የመፋተግ ምልክት ነበር፤ ዙሪያውን ካሉት የማግኔት ብረቶች ጋር ሲነካካ ኖሯል። በቤንዲክሱ በኩል ያለው የነሐስ ቡሺንግ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። አርማቸሩ በሚነካካበት ሞተሪኖ ጅረት ይበዛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህም ቀደም ሲል ያልነውን ድንገተኛነት ይነፍገዋል።

አዲሶቹ ቡሺንጎች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ዘይት የሚመጥ ነሐስ ናቸው። ከመገጠማቸው በፊት ለ24 ሰዓት በቀጭን የሞተር ዘይት ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በደረቁ ከተገጠሙ ቶሎ ይበላሉ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ስለሆነ አጥብቄ እላለሁ። ወደ ልካቸው እንዲመጡ ብሎ ውስጣቸውን መቦርቦርም አይገባም፤ ዘይት የሚያመላልሱት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። በትክክለኛው መጠን የተሠራ ለስላሳ ዘንግ አስገብቶ መጫን ነው።

ጅረቱን ወደ አርማቸሩ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀው ነበር፤ አራቱንም ቀየርኳቸው። ሁለቱ ከኋላ ክዳኑ ጋር፣ ሁለቱ ከጠመዝማዛ ሽቦዎቹ ጋር ይያያዛሉ። ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ክፍል፣ ኮሌክተሩን፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ከዲናሞ ጋር ማምታታት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዲናሞ ኮሌክተር ሲታደስ በመዳብ ክፍሎቹ መካከል ያለው መከላከያ ወደ ውስጥ ይቆረጣል። በሉካስ ሞተሪኖ ላይ ግን አይቆረጥም፤ ከመዳቡ ጋር እኩል ሆኖ መቅረት አለበት።

ቀለበቱን ማውጣትና ማስገባት

ሞተሩን ብቻውን አወጣሁት፤ ካምቢዮው ቦታው ላይ በክሪክ ተደግፎ ቀረ። የሞተሩ መከለያ ክዳን፣ ራዲያተሩ፣ ሁለቱ ኤስዩ ካርቡሬተሮች በየተራ ወረዱ። በዚህ ሥራ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሞተሩ ከካምቢዮው ሲለያይ ክብደቱ በካምቢዮው ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው፤ የፍሪሲዮኑን ዲስክ እምብርት ያጣምማል። ሲመለስም ያው ነው።

ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት ከክራንክ ሻፍቱ አንጻር ያለበትን ቦታ ምልክት አደረግሁ። የጥርስ ቀለበቱ በቮላኖው ዙሪያ በሙቀት ተጠብቆ የተቀመጠ ነው፤ ቡሎን የለውም። ለማውጣት በሁለት ጥርሶች መካከል ወደ ሥሩ ቀዳዳ በሳሁ፤ ቀዳዳው ቮላኖውን እንዳይነካ ጥቂት ሲቀረው አቆምኩ። ከዚያ በጨርቅ ሸፍኜ በመሮና በመዶሻ መታሁት። ቀለበቱ ውጥረት ውስጥ ስላለ ሲሰነጠቅ ሊፈናጠር ይችላል፤ የዓይን መከላከያ ግድ ነው።

አዲሱ ቀለበት ከመግባቱ በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። የጥርሶቹ አንድ ጎን ጫፉ ተቀይሷል፤ ፒኞኑ እየተንሸራተተ ሲመጣ መንገድ እንዲያገኝ ነው። ይህ ጎን ፒኞኑ በሚመጣበት አቅጣጫ መሆን አለበት። በሶሌኖይድ የሚገፋ ሞተሪኖ ላላቸው የኋለኛ ዘመን መኪናዎች የተሠራ ቀለበት ተሳስቶ እንዳይገባ አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጬ የጥርሱን ቁጥር፣ የውስጥ ዲያሜትሩንና የቅያሱን ጎን አመሳከርኩ። የተሳሳተ ቀለበት ከገባ ሞተሩን እንደገና ማውጣት ነው።

የማሞቁን ነገር ብዙዎች ይፈሩታል፤ ስሌቱን ላወቀው ግን የሚያስፈራ አይደለም። የብረት ሙቀት በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ብረቱ በየ100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትሩ ወደ 0.36 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህ ቀለበቱን ያለ ትግል ለማስገባት ይበቃል። የፋብሪካው መመሪያ የሚሰጠው ሙቀት ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሲሆን፣ ምልክቱም የብረቱ ገጽ ቀላል ሰማያዊ መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ የጥርሱ ጥንካሬ ይሄዳል። ቀለሙ እንዲታይ ቀለበቱን በተለያዩ ቦታዎች እስኪያበራ ድረስ ፈገፈግሁት፤ እሳት በሚችል ጡብ ላይ አስቀምጬ ነበልባሉን ዙሪያውን ሳላቋርጥ አንቀሳቀስሁ። የተወለወለው ቦታ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። በሁሉም ቦታ እኩል ሰማያዊ መሆን አለበት፤ አንድ ጎኑ ገና ገለባ እያለ ማንሳት ቀለበቱን መሐል መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ቀዝቃዛው ቮላኖ መቀመጫው ጸድቶ፣ ከሞረድና ከመሮ ርዝራዥ ነጻ ሆኖ ዝግጁ ይሁን። ቀለበቱ በጉጠት ተይዞ ይቀመጥና በነሐስ ዘንግ እየተመታ ከመቀመጫው ጋር ይጋጠማል። ከዚያ አይነካም። ውኃ የለም፣ የተጨመቀ አየር የለም፤ በራሱ ይቀዝቅዝ። ሲቀዘቅዝ በቀጭኑ የክፍተት መለኪያ ዙሪያውን ፈተሽኩት፤ የትም ቦታ አልገባም።

የፍሪሲዮኑ ዲስክ የሚያርፍበት የቮላኖው ገጽ የመጋል ሰማያዊ ነጠብጣቦች ስለነበሩበት ቀለበቱ ከመግባቱ በፊት ቶርኖ ላይ በስሱ ተላጠ። ስንጥቅ ቢኖርበት ኖሮ ቮላኖው ራሱ ይጣል ነበር። ሞተሩ ከወጣ አይቀር የክራንክ ሻፍቱን የኋላ ዘይት መያዣና የፍሪሲዮኑን ባለ ግራፋይት መግፊያ ቀየርኩ፤ ርካሽ ክፍሎች ናቸው፣ ለእነሱ ሲባል ግን ዳግመኛ ሞተር ማውጣት ከባድ ነው።

ቮላኖው ሲመለስ የክራንክ ሻፍቱ ፊት ላይ አንዲት የብረት ቅንጣት ብትቀር ቮላኖው እየተወላገደ ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱንም ገጾች በጣት እየዳሰስሁ አጸዳሁ። ቡሎኖቹን በትይዩ እየተፈራረቅሁ በ54 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በመመሪያው 40 ፓውንድ ጫማ አጠበቅሁ፤ መቆለፊያዎቹም አዲስ ናቸው። በዲያል መለኪያ ሲታይ መወላገድ አልነበረውም።

ውጤቱና የቀረው

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ ሞተሪኖው ሲያዞር በባትሪዎቹ ላይ 10.6፣ በሞተሪኖው ላይ 10.1 ቮልት ተነበበ። በመንገድ የሚቀረው ከ2.1 ወደ 0.5 ቮልት ወርዷል። ሞተሩን ደጋግሜ አስነስቼ አጠፋሁት። በሁለቱም ልማዳዊ መቆሚያዎቹ ላይ ሳለ ፒኞኑ በአንድ አጭር ድምፅ ይጋጠማል፤ የሚንሸራተት ወይም የሚፈጭ ነገር የለም።

ባለቤቱ በሶሌኖይድ የሚገፋና በውስጡ ፍጥነት ቀናሽ ጥርስ ያለው አዲስ ሞተሪኖ ለምን እንዳላስገባን ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው ሞተሪኖ ቀላል ነው፣ ከባትሪው የሚወስደውም ጅረት ያንሳል። ኤምጂቢ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ በመጣው ሁለተኛ እትሟ ላይ ወደሚገፋው ዓይነት ተሸጋግራለች። ነገር ግን በዚያ በተበላ ቀለበት ላይ ቢገባ ኖሮ ችግሩን ይሸፍነው ነበር እንጂ አያጠፋውም፤ የደከመው ማሳም እንዳለ ይቀር ነበር። አሁን ሁሉም ክፍል ጤነኛ ስለሆነ የመኪናዋ የራሷ ሞተሪኖ ሥራውን ይሠራል፤ ለመቀየር የሚያስገድድ ነገር የለም።

የሰጠኋቸው ምክር ሁለት ነው። ሞተሪኖው በሌላ ምክንያት ሲወጣ ቤንዲክሱ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ ግራሶ አይቀባ። ፒኞኑ ከቮላኖው ጋር ተቆላልፎ ቢቀር ደግሞ ደጋግመው ቁልፍ አያዙሩ፤ እንዲያ የተያዘ ሞተሪኖ ብዙ መቶ አምፔር ይስባል፣ ሽቦውንም ያቃጥላል። ከሞተሪኖው ኋላ ባለች ትንሽ ክዳን ሥር የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሠርቷል፤ በመፍቻ ሲያዞሩት ፒኞኑ ይለቃል።